የአማት ስም በአንድ ትንፋሽ

መቅደላዊትን የተውናት መኝታ ቤቷ ወለል ላይ፣ በሁለት መዳፏና በሁለት ጉልበቷ ተደግፋ፣ ጀርባዋን እንደ ድመት ሽቅብ ስትቆለምም ነው። ሰባት ወር ሊሞላት አራት ቀን የቀራት እርጉዝ እንዲህ የምትሆንበትን ምክንያት ዛሬ የተቀላቀሉን አንባቢዎች መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ድመቷን እዚያው እናቁማትና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

መቅደላዊት አባይነህ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ባሏ ጉደታ የሊፍት ቴክኒሽያን ነው፤ መገናኛ አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ሊፍታቸው የሚሠራው እሱን የጠሩት ናቸው፣ የማይሠራው ደግሞ ያልጠሩት። የተዋወቁት በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል በቆመ ሊፍት ምክንያት ነው። እሷ ውስጥ፣ እሱ ከላይ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ በቀዳዳ አወሩ። ፊቱን ሳታይ ድምፁን ወደደችው። በሩ ሲከፈት ፊቱም አላሳፈራትም።

ችግሩ የነበረው ከበሩ ውጭ ነው። አባቷ አቶ አባይነህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ላይኛው ዳገት ላይ ተወልደው እዚያው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንጦጦ ካለው ደብር ሳይሳለሙ አንድ ቅዳሜ ያላሳለፉ ሰው ናቸው። የጉደታ እናት ወይዘሮ የሺሃረግ ደግሞ ሲግናል ሰፈር የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፣ መወዳደር ስለማያዋጣ። ልጆቹ ወረዳ ሄደው ሲፈራረሙ አቶ አባይነህ አልመጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጃቸው ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ወይዘሮ የሺሃረግ ግን መጡ። እርግዝናው ሲሰማ ደግሞ «ለሁለት ሳምንት» ብለው ሻንጣ ይዘው ገቡ። ይኸው አምስተኛ ወራቸው ነው።

ባልና ሚስቱ ያኔ በተፈራረሙ ማግሥት ሌላ ውል ተዋውለው ነበር። ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። አንደኛ፣ ማንም ማንንም ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን አይጎትትም። ሁለተኛ፣ የልጅ ነገር በሁለታችን ብቻ ይወሰናል። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ምስጢር የለም።

ሦስተኛውን መቅደላዊት ካፈረሰች ሁለት ወር ሆኗታል።

ጥፋቱ የወገቧ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ስለ ስምጥ ሸለቆ ስታስተምር ውላ ማታ አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ አቃታት። ሐኪሟ መርምሮ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ፣ ሲግናል ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲስተር የማርያምወርቅ የሚባሉ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ለእርጉዞች ዮጋ እንደሚያሠሩ ነገራት። በዚያው ሳምንት፣ ራት ላይ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ከጸሎት ቡድኑ የሰሙትን አካፈሉ።

«ዮጋ የሚሠራ ሰው ጀርባው ሲለጠጥ በር ይከፈታል አሉ ሰባኪው። በዚያ በር ምን እንደሚገባ አሁን አልናገርም፤ ምግብ ላይ ነን።»

መቅደላዊት ጉርሻዋን ከምስጢሯ ጋር ዋጠች። ለጉደታ እንዳትነግረው ደግሞ ጉደታ ምስጢር ሲይዝ ያስነጥሰዋል። ይህ ማጋነን አይደለም። አምና ለልደቷ ኬክ ደብቆ አሥራ አንድ ጊዜ አስነጥሶ፣ ኬኩ ፍሪጅ ሳይገባ ጣዕሙን አውቃዋለች። እናቱማ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስነጥስ «ይማርህ» አይሉትም፤ «ምንድነው የደበቅኸኝ?» ነው የሚሉት።

እናም ለብቻዋ ሄደች። ከሌሎች ሰባት እርጉዞች ጋር፣ ከታች በሚመጣ የዳቦ ሽታ ምራቃቸውን እየዋጡ፣ የሲስተር የማርያምወርቅን ሕግ ተማረች።

«እዚህ የመጣችሁት ጤነኛ ልጅ ልትወልዱ እንጂ ዋንጫ ልትበሉ አይደለም» ይላሉ ሲስተር፣ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከሁሉም ቀድመው ወለሉ ላይ እየወረዱ። «በጀርባ ተንጋሎ መቆየት የለም፤ የከበደው ማሕፀን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በሆድ መተኛት የለም። ወገብ መጠምዘዝ፣ መዝለል፣ ትንፋሽ አፍኖ መያዝ የለም። ካዞረሽ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ፣ ደም ወይም ውኃ ካየሽ፣ ልጁ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ካለሽ አቁመሽ ወደ ሐኪም ነው። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ሐኪም።»

ከሕጎቹ ሁሉ ትልቁ ግን የወሬው ሕግ ነበር። እየሠራች ማውራት ያቃታት ሴት አብዝታለችና ማቆም አለባት። ሲስተር መጀመሪያ ቁጥር ያስቆጥሩ ነበር፤ ሴቶቹ እያጭበረበሩ ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ሲዘሉ አዲስ መለኪያ አወጡ።

«እያንዳንድሽ የአማትሽን ስም ከነአባት ከነአያት በአንድ ትንፋሽ ጥሪ። መሀል ላይ ከተቋረጠብሽ ዕረፊ። በአማት ስም የሚያጭበረብር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።»

ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ስምንት አማቶች በሌሉበት ይጠሩ ጀመር።

አሁን ወደ ድመቷ። ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነው። መቅደላዊት የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ጀርባዋን አላላች፣ ጉልበቷን ለሆዷ ቦታ እንዲሆን ከፈተች፣ ዳሌዋን ወደ ተረከዟ መልሳ ግንባሯን ወለሉ ላይ ካለው ትራስ አሳረፈች። «የሺሃረግ ገብረማርያም ሰቦቃ» አለች ረጋ ብላ፣ ሳትቋረጥ። ተነሣች። ደግማ ወረደች። «የሺሃረግ ገብረማርያም ሰቦቃ።»

በሩ በጣት ስፋት ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ የሺሃረግ የታጠፈ ልብስ አቅፈው ቆመዋል። ያዩት ስግደት ነው። የሰሙት ስማቸውን ነው፣ ሰባት ጊዜ። በሩን መልሰው ዘጉት፤ በሕይወታቸው በር እንዲህ ቀስ ብለው ዘግተው አያውቁም። ሳሎን ገብተው ልብሱን እንዳቀፉ ተቀመጡ። አምስት ወር ሙሉ የዚህችን ልጅ ያበጠ እግር በሞቀ ውኃ ሲያጥቡ፣ ትወደኛለች ብለው ነበር።

*

ጉደታ ከሥራ ሲመለስ እናቱ ደረጃው ላይ ጠበቁት።

«ሚስትህ ትሰግዳለች።»

«ትስገዳ እማዬ። ውላችን ላይ አልተከለከለም።»

«በእኔ ስም ነው የምትሰግደው።»

«እንዴት ነው በአንቺ ስም?»

«ከነአባቴ ከነአያቴ እየጠራች ግንባሯን መሬት ታስነካለች። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ስምንተኛውን መስማት አልቻልኩም። ለማን አሳልፋ እንደሰጠችኝ እሷ ታውቃለች። እኔ ሻንጣዬን ላዘጋጅ።»

«ጠየቅሻት?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት? ‹ልጄ፣ እስከ መቼ ነው የተሰጠኝ?› ብዬ?»

ጉደታ ወደ ቤት ገባ። መቅደላዊት ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ብላ አየችው፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደ ሽንኩርቱ መለሰች። እሷ በዚያች ቅጽበት «ዛሬ ልንገረው ወይስ ነገ?» እያለች ታስብ ነበር። እሱ ያነበበው ግን ሌላ ነው። ገመድ ሳይበጠስ በፊት ድምፅ እንደሚሰጥ ሙያው አስተምሮታል። በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ በተዘጋ በር ጀርባ የሆነ ነገር ሲዘረጋና ሲጠቀለል እየሰማ ዝም ማለቱን አሁን አስታወሰ።

ንጋት ላይ ከመውጣቱ በፊት ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈ።

«መቅዲ፣ በር ዘግተሽ የምታደርጊውን ሰማሁ። ያስከፋኝ ማድረግሽ አይደለም፣ መደበቅሽ ነው። ሦስተኛውን አንብቢው።»

መቅደላዊት አነበበችው። መጀመሪያ ጉንጯ ጋለ፣ ቀጥሎ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለላት። ዮጋውን አውቋል። በጣም አልተቆጣም። እንደ እድል ሆኖ የዳቦ ቤቱ ፎቅ ወለል ንጣፍ እየተቀየረለት ስለሆነ የቅዳሜው ትምህርት እንጦጦ ግርጌ ሜዳ ላይ ተዛውሯል፤ ቅዳሜ ደግሞ እያንዳንዷ ሴት ስትወልድ አጠገቧ የሚቆምላትን ሰው ይዛ የምትመጣበት ቀን ነው። የወረቀቱን ጀርባ ገልብጣ ጻፈች።

«ጉዴ፣ ልክ ነህ። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ፈርቼ ነው የደበቅሁህ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፈረንሳይ በላይ፣ እንጦጦ መውጫው ሜዳ ጋ ና። ሁሉንም ታያለህ። አጠገቤ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል፤ አንተ ካልመጣህ ሌላ ሰው አልጠራም።»

ጉደታ ሲመለስ አነበበው። እንጦጦ፣ የአባቷ ደብር ያለበት። ሁለት ወር። አጠገቧ የሚቆም። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደሚነሣ ያውቃል። ለልጁ ስለት ገብታለች፣ እሱን ደግሞ የምትጠራው አብሯት ሊወስን ሳይሆን የተወሰነውን ሊመሰክር ነው። ሁለተኛው አንቀጽም ፈርሷል።

ወረቀቱን ከማግኔቱ አላቅቆ ኪሱ ከተተው። አርብ ዕለት ጨለማ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል፣ በባትሪ መብራት ስድስት ጊዜ አነበበው። ከላይ የሆነ ሰው «በሩን ልክፈተው?» ብሎ ሲጮህ፣ ጉደታ ትንሽ ዘግይቶ መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ እንዳይከፈት ተመኝቶ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ጉም አልለቀቀውም ነበር። ሲስተር የማርያምወርቅ ስምንቱን እርጉዞች አቀበቱን በቀብር ቀን እርምጃ አስወጧቸው።

«ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። የምትቸኩል ካለች እኔ ጋ ሳይሆን ሯጮቹ ጋ ትሂድ። ውኃ ጠጡ።»

ሜዳው ላይ ምንጣፍ ተዘረጋ። ባሎች ትራስ አቅፈው፣ የት እንደሚቆሙ ሳያውቁ፣ ሠርግ ላይ ዘግይተው እንደደረሱ ሚዜዎች ተደረደሩ። ሰባት ነበሩ።

«ያንቺስ?» አሉ ሲስተር።

«ይመጣል» አለች መቅደላዊት።

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀጠነ። ምንጣፏ ላይ ተንበረከከች። አባቷን ሁለት ዓመት ስትጠብቅ መጠበቅን የለመደች መስሏት ነበር።

ከሜዳው በላይና በታች ሁለት መንገድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከላይ፣ ከደብሩ፣ ጸበል በጀሪካን የያዙ ሰዎች ይወርዳሉ። ከታች ደግሞ የጸሎት ቡድኖች ባሕር ዛፉ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ይወጣሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ጌታ የሚሄዱ ቢሆንም ሲተላለፉ ሰላምታ የሚለዋወጡት በግንባር ብቻ ነው።

ጉደታ እየወጣ ነበር። ብቻውን ሊመጣ አስቦ ነው። ጫማውን ሲያስር እናቱ «ወዴት ነው?» ሲሉት «ሥራ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ወይዘሮ የሺሃረግ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ የሐር ሻርፓቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

በዚያው ሰዓት አቶ አባይነህ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ከላይ ይወርዳሉ። ሜዳው ሲታያቸው ቆሙ። ስምንት ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ከመሀል ያለችው የእሳቸው ናት። «ጴንጤ ሆናለች» አሉ በልባቸው። ይህን ወሬ ለመስማት ሁለት ዓመት ሲዘጋጁ ኖረዋል፤ በዓይናቸው ለማየት ግን አልተዘጋጁም ነበር።

እሳቸው ለመቅረብ ሃያ እርምጃ ሲራመዱ እጆቹ ወረዱ፣ ሴቶቹ ጉልበታቸውን ከፍተው ግንባራቸውን በተደራረበ ክንዳቸው ላይ አሳረፉ። በዚያች ደቂቃ ነው ወይዘሮ የሺሃረግ ከታች ብቅ ያሉት። «ይኸው፣ ስግደቱ» አሉ ለልጃቸው። አፋቸውን ሳይዘጉ የስምንት አማቶች ስም ከጉሙ ውስጥ ባንድነት ተነሣ። የራሳቸውን ለዩት።

አቶ አባይነህና ወይዘሮ የሺሃረግ ምንጣፉ ዳር እኩል ደረሱ።

«ልጄን አስካዳችኋት» አሉ አቶ አባይነህ።

«እኛ? የሰባት ወር እርጉዝ መሬት ላይ የምትደፉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«እኛ እርጉዝ አናሰግድም። እርጉዝ ከጾሙም ከስግደቱም ታርፋለች። ይልቅ እጅ ዘርግቶ ዓይን ጨፍኖ መጮህ የማን ነው?»

«እኛም እርጉዝ አናስጮህም!»

ተያዩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማማታቸው ነበር፤ ሁለቱንም ደስ አላላቸውም።

መቅደላዊት ድምፃቸውን ሰምታ በድንጋጤ ልትነሣ ስትል የሲስተር እጅ ትከሻዋን ያዘ። «ቀስ። በጎንሽ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ። ጠብ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሻል።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ጫማ።»

«ምን አሉ?»

«ምንጣፉ ላይ በጫማ ቆማችኋል። ሁለታችሁም።»

ወይዘሮ የሺሃረግና አቶ አባይነህ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«ይኼ ዮጋ ይባላል» አሉ ሲስተር። «ስሙ ከከበዳችሁ የወገብ ሥራ በሉት። መጸለይ የምትፈልግ ቤቷ እንደ እምነቷ ትጸልይ፤ እዚህ የሚሠራው ወገብና ትንፋሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። መተንፈስ የማታውቅ ሴት ምጥ ሲይዛት ምን እንደምትሆን አይቻለሁ።»

«ሰባኪው በር ይከፈታል ብለው ነበር» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይከፈታል እንጂ። በዚያ በር የሚወጣው የልጅ ልጅዎ ነው።»

አንደኛው ባል ሳቁን በትራሱ አፈነ። ወይዘሮ የሺሃረግ ግን አልሳቁም። ምራታቸውን ተመለከቱ።

«ስሜስ? ስሜን ለምንድነው የምትጠሪው?»

«እትዬ የሺ» አለች መቅደላዊት፣ «የትንፋሽ መለኪያዬ ነው። ስምዎን በአንድ ትንፋሽ ከጨረስኩ እኔም ልጁም ደህና ነን። መሀል ላይ ከተቋረጠብኝ አቆማለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለታችንንም ሲጠብቁን የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ያወለቁትን ጫማ ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሙሉውን ነው የምትጠሪው?»

«እስከ ሰቦቃ።»

«አያቴን ስማቸውን የሚጠራ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል» አሉና የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አቶ አባይነህ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ገብረማርያም ያለችው የእርስዎን አባት ነው?»

«ነው።»

«ገብረ ማርያም።»

«ሰምቻለሁ አቶ አባይነህ። እምነት ነው የቀየርነው፣ አባት አልቀየርንም።»

*

ጉደታ ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር። መቅደላዊት ባዶ እግሯን ሣሩን እየረገጠች ወደ እሱ ሄደች።

«መጣህ።»

«መጣሁ። ልሸኝሽ ይሁን ልቀበልሽ ግን ሳላውቅ ነው የመጣሁት።»

«ምን መስሎህ ነበር ጉዴ?»

«ልጃችንን ለአባትሽ ደብር ተስለሽ እኔን ምስክር ልታደርጊኝ።»

«እያወቅኸኝ?»

«እያወቅሁሽ። ሦስት ሌሊት ዓይኔን ያልከደንኩት ለዚህ ነው።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«‹አዎ› ብትዪኝስ?» ወረቀቱን አጣጠፈው። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታስነጥሳለህ።»

«ይህ ምክንያት ነው?»

«ያንተ አፍንጫ የሚሠራው ለእናትህ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ሳይወድ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ጀምራ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረባት።

«ውሸቴን ነው» አለች። «የፈራሁት አፍንጫህን አይደለም። ብነግርህና ‹እማዬ ትቀየማለች፣ ተይው› ብትለኝስ ብዬ ነው። እኔ አባቴን አጥቼ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። አንተም ከማዶ ከቆምክ ወዴት ነው የምሄደው?»

ጉደታ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ መካከል እየሳሳ ነበር።

«ሊፍቱ ውስጥ የነበርሽ ዕለት ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ?»

«‹አይዞሽ፣ ገመዱ ደህና ነው› አልከኝ።»

«ገመዱን ገና አላየሁትም ነበር። ባትሪዬ ወድቆብኝ በጨለማ እየዳበስኩ ነበር። የማውቀው ነገር ቢኖር እስክትወጪ ድረስ እንደማልሄድ ብቻ ነው። ዛሬም ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም፣ መቅዲ። ከማዶ አልቆምም።»

እጁን ሆዷ ላይ አደረገ። ሽሉ ከውስጥ በእርግጫ መለሰለት።

«ልብሽ እየመታ ነው» አሉ ሲስተር ከሩቅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባየ ዓይን። «መጀመሪያ ዕረፊ። በግራ ጎንሽ፣ ከራስሽ ሥርና ከጉልበትሽ መሀል ትራስ ይግባ። ትራሷ የታለ?»

ትራስ ማምጣት የባል ሥራ ነበር፤ ባልየው ደግሞ ለፍቺ እንጂ ለትራስ አልተዘጋጀም። ወይዘሮ የሺሃረግ ሻርፓቸውን አውልቀው ጠቅልለው ከምራታቸው ራስ ሥር አስገቡ። አቶ አባይነህ ከዘራቸውን ሣሩ ላይ አጋደሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፤ እያቃሰቱ ተንበርክከው ከልጃቸው ጉልበቶች መሀል አኖሩት። ያለ ጋቢ ትከሻቸው እንዴት እንደጠበበ መቅደላዊት ያን ጊዜ አየች።

«ብርድ ነው፣ መቅደላ» አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃላቸው ይህ ነው። አንዳንድ ሰው ይቅርታን የሚያውቀው በአየር ጠባይ በኩል ብቻ ነው።

«አሁን ሞቀኝ፣ አባባ» አለች። እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ አልፎ ሐሩ ላይ ወረደ። ልትጠርገው ስትል ወይዘሮ የሺሃረግ እጇን ያዟት።

«ተይው፣ ይውረድ። ሻርፕ ይታጠባል።»

*

የመጨረሻው ልምምድ ጀርባ ለጀርባ መቀመጥ ነበር። ጉደታ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ፤ መቅደላዊት ጀርባዋን በጀርባው ላይ አሳረፈች። እሷ ትንፋሽ ስትስብ እሱ ይስባል፣ እሷ ስትለቅ እሱ ይለቃል።

«ባሎችም የአማታችሁን ስም ትጠራላችሁ» አሉ ሲስተር። «ሴት አማት በሕይወት የሌለችው የወንዱን ይጥራ። ማንም አይቀርም።»

መቅደላዊት ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ በጆሮው አንሾካሾከች።

«ሴት ናት። ሐሙስ አልትራሳውንድ ላይ ነገሩኝ። ሌላ የቀረኝ ምስጢር የለም። ሦስተኛው አንቀጽ ግን ይሻሻል፦ ከአንተ የምደብቀው የለም፣ ከሌላው ሰው የምንደብቀው ለሁለታችን አንድ ይፈቀድልን።»

«ምን አለችህ?» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

«ምን አለችው?» አሉ አቶ አባይነህ።

ወይዘሮ የሺሃረግ የልጃቸውን አፍንጫ አፍጥጠው ተመለከቱ። አቶ አባይነህ ነገሩ ባይገባቸውም ሴትዮዋ የሚያዩትን ማየት እንደሚያዋጣ ገብቷቸው እሳቸውም አፈጠጡ። የጉደታ አፍንጫ በሁለት በኩል ተነፋ። መቅደላዊት ጀርባው ሲርገበገብ ተሰማት፤ ልደቷን፣ ኬኩን፣ አሥራ አንዱን አስታወሰች።

«በአፍንጫህ ሳብ» አለችው በቀስታ። «አትያዘው። ስም እየጠራህ ልቀቀው።»

ሳበ። ጀርባው ጀርባዋ ላይ ሰፋ።

«አባይነህ በርናባስ አምሃ» አለ ጉደታ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይቋረጥ፣ እስከ አያት።

ማስነጠስ አልመጣም። አቶ አባይነህ ከዘራቸውን ከሣሩ ላይ ሊያነሡ ጎንበስ ብለው እዚያው እንደጎነበሱ ቆዩ።

«አያቴን ማን ነገረው?» አሉ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያዩ።

መቅደላዊት ዓይኗን ጨፍናለች። የባሏን ፊት ከተቀመጠችበት ማየት አትችልም፤ የሚደርሳት ድምፁ ብቻ ነው፣ ጀርባዋ ላይ እየሞቀ። እንደዚያን ዕለት፣ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል። ከላይ ያለው ሰው እንደማይሄድ አሁንም አወቀች፤ ከእሷ ትንፋሽ ጋርም ሌላ ትንሽ ትንፋሽ የሚማር እንዳለ፣ ለመቸኮል ምንም ምክንያት እንደሌለ።